ትልቁን ክሮስ ስቲች የራሳችሁ አድርጋችሁ መጨረስ፦ ከወረቀት እስከ ፍሬም

ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ጥልፍ ያየ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንዱ «ንድፉ ላይ የሌለውን ስም እንዴት አስገባሽው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኔም ጀምሬ ግማሹ ላይ ቀረብኝ፤ ከየት ልቀጥል?» ይላል። ለእያንዳንዱ በየተራ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ክሮስ ስቲች በጨርቁ ካሬዎች ላይ ሁለት ሰያፍ ስፌት እያቆራረጡ በትንንሽ መስቀል የሚሰፋ ጥልፍ ነው። ከዚህ ውስጥ የምናወራው ሳምፕለር ስለሚባለው ነው። ፊደላት፣ ስም፣ ቀን፣ ቤት፣ ዛፍና ወፍ አንድ ጨርቅ ላይ ተሰብስበው ዙሪያቸውን ሐረግ የሚዞርበት ጥልፍ ማለት ነው። የትንንሽ ሥዕሎች ስብስብ ስለሆነ ለመቀየር ይመቻል። ወፉን አውጥታችሁ ድመት ብታስገቡ ማንም አይከለክላችሁም። የማይቀልደው ሐረጉ ነው። አንድ ካሬ ከሳታችሁ ዞሮ መጥቶ አይገጥምም። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ቀይሩ፣ ግን መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጨርሱት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አይዳ (ካሬ ካሬ ሆኖ የተሸመነ የጥልፍ ጨርቅ)፣ 14 ካውንት። በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ካሬ አለው ማለት ነው፤ በሴንቲ ሜትር 5 ተኩል ገደማ። 16 እና 18 ካውንት ካሬያቸው ያንሳል፣ ዓይንም ያደክማሉ።
- ዱልዱም ጫፍ ያለው የጥልፍ መርፌ። ለ14 ካውንት ቁጥር 24፣ ለ16 እና ለ18 ቁጥር 26። ሹል መርፌ የጨርቁን ክር ይሰነጥቃል።
- ባለ 6 ነጠላ የጥጥ ክር፤ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የሄዱበት ማለት ነው። እንደ ዲኤምሲ ያሉ የክር ብራንዶች በ8 ሜትር ጥቅል ይመጣሉ።
- መወጠሪያ ክብ ወይም የእንጨት ፍሬም።
- ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ብዙ ላጲስ። ላጲሱን የምሬን ነው።
- ትንሽ ሹል መቀስ፣ ወረንጦ፣ ማስመሪያ።
- ጨርቁን ለማስመር ቀጭን የናይለን ክር።
- ለመጨረሻው፦ ለስላሳ ሳሙና፣ ሁለት ነጭ ፎጣ፣ ካውያ፣ አሲድ የሌለው ወፍራም ካርቶን፣ እስፒልና ጠንካራ የስፌት ክር።

አሠራር

1. ያላችሁን ቁጠሩ

ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ይህን ዝለሉት። ግማሽ ላይ የተወ ሰው ግን መጀመሪያ መርፌ አያንሳ። ቻርቱን፣ ማለትም ንድፉ በካሬ የተሣለበትን ወረቀት፣ ኮፒ አድርጉና የተሰፋውን ሁሉ በቀለም እርሳስ አጥፉ። ከዚያ የሐረጉን አንድ ጎን ከጨርቁ ላይ በአስር በአስር ቁጠሩና ከቻርቱ ጋር አስተያዩ። ብዙ ሰው ጥልፉን የሚተወው ሰልችቶት ይመስለዋል። ሲቆጠር ግን አንድ ቦታ ላይ ካሬ ስቷል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልገጥም ስላለው ነው ያስቀመጠው። ስህተቱን ካላገኛችሁት የምትጨምሩት ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

የጊዜውንም ነገር እዚሁ አስሉት። የሚሰፋው 20,000 መስቀል ነው እንበል። በሰዓት 100 ከሠራችሁ 200 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 5 ሰዓት ካገኛችሁ 40 ሳምንት ነው። ቁጥሩን አውቆ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወር «ለምን አላልቅ አለ?» ብሎ አይናደድም።

2. የጨርቁን መጠን አስሉ

የካሬውን ብዛት ለካውንቱ አካፍሉ፣ ከዚያ በ2.54 አባዙ። ሴንቲ ሜትሩን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ንድፉ 192 በ264 ካሬ ከሆነ በ14 ካውንት 35 በ48 ሴ.ሜ ገደማ ይመጣል። በየጎኑ 8 ሴ.ሜ ትርፍ ጨምሩ፤ ጨርቁ 51 በ64 ይሁን። ትርፉ ቅንጦት አይደለም። መጨረሻ ላይ ካርቶን ላይ ስትወጥሩት የምትይዙት እሱን ነው።

ለውጣችሁ ንድፉን የሚያረዝመው ከሆነ ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት 4ኛውን ደረጃ አንብቡ። ከቆረጣችሁ በኋላ ጠርዙን ዘምዝሙት፤ አይዳ እጅ በነካው ቁጥር ይተረተራል።

3. ለውጡን ወረቀት ላይ ሥሩ

ፊደሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የምታገኙት ቻርት አብዛኛውን ጊዜ የላቲን ፊደል ነው ያለው። የእኛን ፊደል ራሳችሁ ካሬ ላይ ማውጣት አለባችሁ።

በ «በ» ጀምሩ። ወርዱ 7፣ ቁመቱ 9 ካሬ ይሁን። ላይኛው ረድፍ 7ቱም ይሞላል። ከግራና ከቀኝ ጫፍ 8 ካሬ ወደ ታች ይወርዳል። በድምሩ 23 መስቀል። አሁን ቤተሰቡን ተመልከቱ፦

«ቡ» ለመሥራት ከቀኙ እግር መሃል፣ 5ኛው ረድፍ ላይ፣ ወደ ውጭ 2 መስቀል አውጡ። ያንኑ 2 መስቀል 9ኛው ረድፍ ላይ ካወጣችሁት «ቢ» ይሆናል። «ባ» የግራ እግሩ ያጥራል፤ «ቦ» የቀኙ ያጥራል። ልዩነቱ የትኛው እግር እንዳጠረ ብቻ ስለሆነ ቢያንስ 3 ካሬ አሳጥሩ። 1 ካሬ ብቻ ካሳጠራችሁ ከሩቅ የሚያየው ሰው «በ» ብሎ ያነበዋል። «ቤ» ደግሞ ከቀኙ እግር ግርጌ ቀለበት ይፈልጋል፦ 3 በ3 ካሬ፣ መሃሉ ባዶ። መሃሉን ከሞላችሁት ቀለበት መሆኑ ይቀርና ነጠብጣብ ይሆናል።

9 ካሬ ቁመት ያልኩት ለዚህ ነው። በ5 ካሬ ላቲን ይጻፍ ይሆናል፤ የእኛን ቅጥያዎች ግን አያስተናግድም። ቦታው ጠባብ ከሆነ ፊደሉን በመስቀል አትሥሩት። በአንድ ነጠላ ክር፣ ካሬ በካሬ ወደኋላ እየተመለሰ በሚሄደው የመስመር ስፌት፣ በባክስቲች ጻፉት። እንደ «ሐ» ሦስት እግር ያላቸው ፊደላት በእግሮቹ መካከል ቢያንስ 2 ካሬ ክፍት ይተውላቸው። አለዚያ ሲሰፋ ይደፈናሉ።

ቀጥሎ መሃል ማስያዝ። «ሰላም» የሚለውን 65 ካሬ ስፋት ያለው ቦታ ላይ ማስገባት ፈለጋችሁ እንበል። «ሰ» 7፣ «ላ» 7፣ «ም» 9 ካሬ፣ በመካከላቸው ሁለት ክፍተት 2፣ 2 ካሬ። ድምሩ 27። ከ65 ሲቀነስ 38 ይተርፋል፤ ከግራ 19፣ ከቀኝ 19 ትተዋላችሁ። ትርፉ ለሁለት የማይካፈል ከሆነ አንዱን ክፍተት በ1 ካሬ አስፉት። ማንም አያስተውለውም።

ዓመተ ምሕረቱን ወረቀት ላይ ቦታ ያዙለት፣ ግን መጨረሻ ላይ ስፉት። እኔ የመጀመሪያዬን ስጀምር በደስታ ዓመቱን ሰፋሁት። ሳልጨርስ ዓመቱ ተቀየረና አራቱንም አኃዝ ተቀምጬ ተረተርኩ።

4. ሐረጉን አስሉ

ሐረግ አንድ ቅርጽ እየተደጋገመ የሚሄድ ነው። ከአንድ አበባ መሃል እስከ ቀጣዩ አበባ መሃል ቁጠሩ። 12 ካሬ ነው እንበል። ያኔ ንድፉን ማስረዘም የምትችሉት በ12፣ በ24 ወይም በ36 ነው። በ10 ካስረዘማችሁት ማዕዘኑ ላይ ግማሽ አበባ ይቀርባችኋል።

አንድ ረድፍ ስም መጨመር ትፈልጋላችሁ። ፊደሉ 9 ካሬ ነው፣ ከላይ 3 ካሬ ክፍተት ጨምሩበት። ልክ 12 መጣ። 264 የነበረው ቁመት 276 ይሆናል፤ ጥልፉም ከ48 ወደ 50 ሴ.ሜ ያድጋል፣ ጨርቁ ወደ 66። መጀመሪያ 14 ካሬ ፈልጋችሁ ከነበረ እንኳ ክፍተቱን ጠበብ አድርጋችሁ 12 ላይ አምጡት። ሁልጊዜ ጽሑፉ ለሐረጉ ይታዘዝ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሐረግ ከጎኑ መሃል ላይ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል፤ ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው ቅጠል ይተያያሉ። እንዲህ ያለው ላይ አንድ ድግግሞሽ ብቻ ከጨመራችሁ መሃሉ ይዛባል። ከመሃሉ በላይና በታች አንድ አንድ፣ ማለትም 24 ካሬ ጨምሩ።

ሐረጉ ቀድሞ ተሰፍቶ ካለቀስ? ማስረዘሙን እርሱት። ውስጥ ካሉት ሥዕሎች አንዱን አውጡና ያው ስፋት ባለው ሌላ ተኩ።

5. ቀለም ምረጡ

ቀለም ስትቀይሩ ከስሙ ይልቅ ድምቀቱን ጠብቁ። ንድፉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን ሥዕሉ አይጎዳም። ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ግን ቅርጹ ይጠፋል። ክሮቹን ጨርቁ ላይ ደርድራችሁ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው። ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን አይሰፉም።

ለፊደል የጨርቁን ቀለም የሚቀርብ ክር አትምረጡ። ያልተነበበ ስም ምን ዋጋ አለው?

የሐረጉን ቀለም በሙሉ በአንድ ጊዜ ግዙ። አንድ ቁጥር ያለው ክር እንኳ በተለያየ ጊዜ ሲነከር በትንሹ ይለያያል፤ ልዩነቱ ደግሞ ረጅም ሐረግ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስንት ጥቅል እንደሚበቃ ለማወቅ በ45 ሴ.ሜ ክር ስንት መስቀል እንደምትሠሩ ቁጠሩ። 40 ከሆነ፣ አንድ ባለ 8 ሜትር ጥቅል በሁለት ነጠላ ሲሰፋ 51 ቁራጭ ስለሚወጣው 2,040 መስቀል ይሠራል። ለሚተረተረው ትንሽ ጨምሩበት። ይተረተራል፤ አትጠራጠሩ።

6. ጨርቁን አስምሩ

ጨርቁን በወርድም በቁመትም እጠፉና መሃሉን አግኙ። ከመሃሉ ጀምራችሁ በየ10 ካሬው የናይለን ክሩን ረጅም ረጅም እያደረጋችሁ ስፉት። ቻርቱም በየ10 ካሬው ደማቅ መስመር ስላለው ሁለቱ ይተያያሉ። ይህ አንድ ምሽት ይፈጃል። የሚያድነው ግን ከ1 እስከ 100 ከመቁጠር ነው። አሁን ስህተት የምትሠሩት 10 ካሬ ውስጥ ብቻ ነው፤ ወዲያውም ይታያችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በእስክርቢቶ ማስመር የሚቀናችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። በውሃ የሚጠፋው የጨርቅ ማስመሪያ ሳይታጠብ ካውያ ከነካው እዚያው ሊቀር ይችላል። በሙቀት የሚጠፋው ደግሞ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ሊታይ ይችላል።

7. ስፉ

14 ካውንት ላይ መስቀሉ በሁለት ነጠላ፣ ባክስቲቹ በአንድ ነጠላ ይሰፋል። ከጥቅሉ 90 ሴ.ሜ ቁረጡ፣ አንዷን ነጠላ ብቻ መዝዛችሁ አውጡ፣ ለሁለት እጠፏት። ሁለቱን ጫፎች በመርፌው ቀዳዳ አሳልፉ፤ የታጠፈው ጫፍ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ከጨርቁ ኋላ መርፌውን አውጡ፣ የመጀመሪያዋን ሰያፍ ሰፍታችሁ ወደኋላ ስትመለሱ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ሳብ አድርጉ። ያዘ። ቋጠሮ የለም። ቋጠሮ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ከፊት ለፊት እብጥ ብሎ ይታያል። ክሩ ሲያልቅ ደግሞ መርፌውን ከኋላ በ4 ወይም 5 ስፌቶች ሥር አሳልፋችሁ ቁረጡ።

የላይኛው ሰያፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስቀል ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም። ክር ብርሃን የሚያንጸባርቀው እንደ አስተኛኘቱ ነው። አቅጣጫው ሲለዋወጥ ያው ቀለም ሁለት ቀለም ይመስላል። ጨርቁን አዙሬ ልስፋ የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ክሩ ሲጠማዘዝ መርፌውን ልቀቁት፣ ይንጠልጠል፣ ራሱ ይፈታል። ከአንድ ሥዕል ወደ ሌላው ክር ስትጎትቱ ከ4 ወይም 5 ካሬ በላይ ባዶ ቦታ አትሻገሩ፤ በተለይ ጥቁር ክር በነጭ ጨርቅ ኋላ እንደ ጥላ ይታያል። ሥራ ስታቆሙ መወጠሪያውን ሁልጊዜ አውልቁ። ወር ሙሉ የተወጠረ ጨርቅ የሚያወጣው ክብ በቀላሉ አይለቅም፣ አቧራም ይይዛል።

ቅደም ተከተሉ ላይ የእኔ ዘዴ ይህ ነው። ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቼ የላይኛውን ሐረግና የአንዱን ጎን እሰፋለሁ። ከዚያ ውስጡን፣ ከዚያ ቀሪውን ሐረግ። ሁለቱ ጎኖች እንደ ማስመሪያ ያገለግላሉ። ውስጡን በሙሉ ሰፍቶ ሐረጉን ለመጨረሻ ያቆየ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ሲረፍድ ነው።

8. በየጊዜው ፈትሹ፣ ተርትሩ

በተቀመጣችሁ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሰፋችሁትን ከናይለን መስመሮቹ ጋር አስተያዩ። ስህተት ሲገኝ ሁሉም አይተረተርም። ዛፍ ላይ አንድ ቅጠል ወደ ጎን ከሄደ ተዉት፤ ቅጠል ነው። ፊደል ወይም ሐረግ ላይ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ተርትሩ።

ሲተረተር ክሩን በመጣበት መንገድ አትመልሱት፤ ይሻክራል፣ ጨርቁንም ያበላሻል። ከፊት በኩል በየሁለት ሦስት መስቀሉ በመቀስ ጫፍ ቁረጡ፣ ከኋላ በወረንጦ ልቀሙ። የቀረውን ብናኝ በፕላስተር መታ መታ አድርጋችሁ አንሡ።

9. ዝጉት

ሐረጉ ሊገጥም 20 ካሬ ሲቀረው ቁሙና ቁጠሩ። የቀረው ባዶ ካሬ ቻርቱ ላይ ከቀረው ጋር እኩል ነው? ከሆነ ዝጉት። 1 ካሬ ከጎደለ ወይም ከተረፈ፣ ሐረጉ ነጻ ቅጠልና ግንድ ያለበት ከሆነ ግንዱን በ1 ካሬ አሳጥሩ ወይም አስረዝሙ። ከአንድ ቅርጽ ቀንሳችሁ ከምታጎብጡት ይህ ይሻላል። የጎደለው 3 ካሬና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደኋላ ተመልሳችሁ የሳተውን ፈልጉ።

ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን ስፉ። የናይለን ክሩን ጎትታችሁ አውጡ። ከኋላ የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይቆረጥ። ጥልፉን ወደ መስኮት አንሡና በብርሃን እዩት፤ የተዘለለ ካሬ ካለ ያኔ ነው የሚታየው።

10. እጠቡ፣ ተኩሱ

የእጅ ቅባት ዛሬ ባይታይም ውሎ አድሮ ይወይባል። ስለዚህ ንጹሕ ቢመስልም እጠቡት። መጀመሪያ ግን በነጭ እርጥብ ጨርቅ ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ጫን አድርጋችሁ እዩ፤ ቀለም ከለቀቀ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ካልለቀቀ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። አትሹት። አትጭመቁት። አለቅልቁትና ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ውሃውን በፎጣው አስመጥጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ እየታጠበ ቀለም መልቀቅ ከጀመረ አታድርቁት፣ ካውያም አታስጠጉት። ከደረቀ ይቀራል። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ እየቀያየራችሁ ቆዩ፤ አንድ ሰዓትም ይፍጅ።

እርጥበቱ ሳይለቀው በወፍራም ፎጣ ላይ ፊቱን ወደ ታች አስተኝታችሁ ከጀርባው ተኩሱ። ፎጣው መስቀሎቹን ያቅፋቸዋል። በፊት ለፊት ከተተኮሰ ስፌቱ ይደፈጠጣል።

11. ወጥሩ፣ ፍሬም አስገቡ

ካርቶኑን ከጥልፉ በየጎኑ ትንሽ አስበልጣችሁ ቁረጡ። ጥልፉን አስተካክላችሁ አስቀምጡና የእያንዳንዱን ጎን መሃል በካርቶኑ ውፍረት ላይ በእስፒል ውጉ። ከመሃል ወደ ማዕዘን እየሄዳችሁ እስፒል ጨምሩ። አንድ የካሬ መስመር በዓይን ተከተሉ፤ ከካርቶኑ ጠርዝ ጋር ቀጥ ብሎ ካልሄደ ነቅላችሁ ድገሙ።

ከዚያ ገልብጡትና በጠንካራው ክር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ትይዩው እየተመላለሳችሁ እንደ ጫማ ክር ጠልፉት። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን ጎኖች፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹን። ክሩን ከመሃል ጀምራችሁ አጥብቁ። ሙጫ አትጠቀሙ፤ ውሎ ሲያድር ይወይባል፣ ጥልፉንም ለማጠብ ማውጣት አይቻልም።

መስታወት ከተደረገበት ጥልፉን እንዳይነካው በመካከል የካርቶን ክፈፍ ይግባ። ከነካው እርጥበት ይይዛል። ፍሬም ቤት የምትሰጡት ከሆነ ይህን ነገር አስረግጣችሁ ተናገሩ። የእኔን አንዱን በሙጫ ለጥፈው መልሰውልኝ ያውቃሉ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ መጀመሪያ የሚሄደው ቀዩ ነው።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

- የስም ፊደላትን ከግራ ጀምሮ «ይገባል» ብሎ መስፋት። የመጨረሻው ፊደል ሐረጉ ላይ ይወጣል። መሃሉን አስልታችሁ ብቻ ጀምሩ።
- ክር ማስረዘም። ከ45 ሴ.ሜ የረዘመ ክር በጨርቁ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ይሳሳል፣ ይጠላለፋል።
- ለውጡን በቃል መያዝ። ከሁለት ወር በኋላ ወፉን የት ልታስገቡት እንደነበር አታስታውሱም። ቻርቱ ላይ ለጥፉት።
- የክር ወረቀቱን መጣል። ቁጥሩ ከሌለ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከየቀለሙ አንድ አንድ ሜትር አስቀሩ፣ ቁጥሩን ጻፉበት፣ ከቻርቱ ጋር ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ከፍሬሙ ጀርባ ለጥፉት።